በሽታ ጠርቶ ዘር መምረጥ



አዲስ የስንዴ ዝርያ ሲለቀቅ በሬዲዮ የምንሰማው አንድ ቁጥር ነው። በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ይሰጣል ይባልና ሰው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ የመጣሁት ያ ቁጥር ከየት እንደሚገኝ፣ ብቻውንም ለምን እንደማይበቃ ላስረዳ ነው። ምሳሌዬ የዳቦ ስንዴ ነው። ስለ ሌላ ሰብልም መናገር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ዘርን ለምርትም ለበሽታም አበጥሮ መምረጥ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ እንደ ስንዴ ያስተማረን ሰብል ያለ አይመስለኝም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምጠራ አስቀድሜ ላስታውቅ።

የስንዴ ትልቁ ጠላት ዋግ ነው። ዋግ ሦስት ዓይነት አለው። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛውን ደጋ ይወዳል፤ በቅጠሉ ርዝመት ተሰልፈው የሚወጡ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉት። የቅጠል ዋግ ቡናማ ነው፤ በእኛ አገር ከሌሎቹ ቀለል ያለ ጉዳት ያደርሳል። የግንድ ዋግ ደግሞ ሞቅ ያለ አየር ይፈልጋል፤ የአገዳውን ቆዳ ቀዶ ይወጣል፣ ምግቡንና ውኃውን ይጠጣል፣ ሊታጨድ ሦስት ሳምንት የቀረውን ያማረ ማሳ ጠቁሮ የተጋሸበ ገለባ አድርጎት ያርፋል። ሦስቱም ፈንገሶች ናቸው። አንዲት ቁስል በሺዎች የሚቆጠር ብናኝ ታወጣለች፤ ነፋሱም ያንን ብናኝ ከወረዳ ወረዳ ቀርቶ ቀይ ባሕርን ሳይቀር ያሻግረዋል። አንዱ ትውልድ ሌላውን ለመውለድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

ብዙ አገር ውስጥ ዋግን የሚያደክመው ስንዴ ከማሳ የሚጠፋበት ወራት መኖሩ ነው። እኛ ዘንድ በልግ አለ፣ መኸር አለ፣ አሁን ደግሞ የቆላው የመስኖ ስንዴ ተጨምሯል። ዋጉ የሚያርፍበት አረንጓዴ ቅጠል ዓመቱን ሙሉ አያጣም። የመስኖ ስንዴው ጥቅም እንዳለው አልክድም፤ ከዋግ አንጻር ካየነው ግን ሥራችንን አክብዶታል።

ወደ ዝርያዎቹ ታሪክ እንምጣ። ዳሽን የተባለው ዝርያ በ1988 በቢጫ ዋግ ወደቀ። እንኮይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በግንድ ዋግ ወደቀ። ከዚያ ኩብሳና ገላማ መጡ። በተለይ ኩብሳ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ገበሬው ያለ ጥርጥር የሚዘራው ስንዴ ሆነ። በ2010 ዝናቡ ጥሩ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነበር፤ ለስንዴውም ለቢጫ ዋጉም የተመቸ ዓመት። ኩብሳ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ተመታ። የኩብሳ መሠረቱ ሜክሲኮ ካለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማእከል ነው፤ የዚያው ቤተሰብ ስንዴ በሌሎች አገሮችም በስፋት ይዘራ ስለነበር በዚያው ሰሞን የመካከለኛው ምሥራቅ ገበሬዎችም አብረውን አለቀሱ።

ገበሬው ፊቱን ወደ ዲገሉ አዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ችሎ ቆሞ ነበር። ከዚህም በላይ በዘመኑ ዓለምን ያስፈራውን የግንድ ዋግ ዘር የሚመክት ጂን ነበረው። ያ ዘር ዩጂ99 ይባላል፤ በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ ታየ፣ በ1999 ማንነቱ ታወቀ፣ በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። ትልቁ ሳይንቲስት ኖርማን ቦርሎግ በስተርጅናው በ2005 ድምፁን ከፍ አድርጎ ዓለምን ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ዲገሉ ለዚህ የተፈራ ጠላት ተዘጋጅቶ ነበር። በ2013 መኸር ባሌና አርሲ ላይ የመጣው ግን ከዩጂ99 ወገን ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር ነው፤ ዲገሉ የተመካባትን ያቺን ጂን አልፎ ገባ። አንዳንዱ ማሳ ማጭድ እንኳ ሳይገባበት ቀረ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው «ታዲያ ተመራማሪው ምን ሲሠራ ነበር?» ይላል። ተመራማሪው ሲሠራ ነበር። ፈተናው ተሰጥቷል፣ ዝርያውም ፈተናውን አልፏል። ጠባቡ ጥያቄው ነበር፤ «ዛሬ ማሳ ላይ ያለውን ዋግ ይችላል ወይ?» ተብሎ ተጠየቀ፣ «አዎ» የሚል ትክክለኛ መልስ ተገኘ። ነገ ስለሚመጣው አልተጠየቀም። ስለ ነገው እንዴት እንደሚጠየቅ ከመናገሬ በፊት ግን የምርቱን ልኬት ላሳያችሁ፤ ሰው ቀላል ነው ብሎ የሚያስበው እሱን ነውና።

በዝርያ ሙከራ የተለመደው መደብ ስድስት መስመር አለው። በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር፣ የመስመሩ ርዝመት 2.5 ሜትር፤ ጠቅላላው 3 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዳርና ዳር ያሉት መስመሮች ብርሃኑም አፈሩም ስለሚተርፋቸው ከልክ በላይ ይፋፋሉ። ስለዚህ እነሱን ትተን መካከለኞቹን አራት መስመሮች እናጭዳለን፤ 2 ካሬ ሜትር ቀረ ማለት ነው። የወጣውን ፍሬ መዝነን በ5,000 እናበዛዋለን፣ የሄክታሩን እናገኛለን። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሲወቃ አንድ እፍኝ፣ 100 ግራም እንበል፣ ከሸራው ውጭ ቢፈስ በወረቀቱ ላይ በሄክታር 5 ኩንታል ጎደለ። ወፎች ቀድሞ የደረሰውን ዝርያ ለይተው ቢለቅሙም እንደዚሁ ነው። እርጥበቱም አለ፤ 16 በመቶ እርጥበት ያለውን ስንዴ ወደ መደበኛው 12.5 በመቶ ስንመልሰው ክብደቱ 4 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ስሌት የዘለለ ሰው ዘግይቶ የደረሰውን ዝርያ ያለ ሥራው ይሾመዋል።

ከሁሉ የሚብሰው አፈሩ ነው። በረት የነበረበት ቦታ ላይ የተዘራ ዝርያ ሁልጊዜ ጎበዝ ነው፤ ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። መፍትሔውን ያበጀው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው፤ በ1919 ሮዝአምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ። ማሳውን አፈሩ በሚቀራረብ ክፍል ክፍል ትለየዋለህ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ዝርያ አንድ አንድ ጊዜ ትዘራለህ፣ የትኛው የት ላይ እንደሚያርፍ ግን አንተ አትመርጥም፣ ዕጣ ይጣላል። ለምን ዕጣ? ዓመታት የደከመበት ዘር ያለው ሰው ለዘሩ ስለሚያዳላ ነው። አውቆ ላይሆን ይችላል፤ ግን ያዳላል።

ይህንንም ሁሉ አድርገን ያገኘነው የአንድ ቦታ የአንድ ዓመት ወሬ ነው። አሰላ አጠገብ ያለው ቁሉምሳ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ቢሾፍቱ ዝቅ ይላል፣ 1,900 ገደማ፤ በአርሲ ተራራ ላይ ያለችው መራሮ ወደ 3,000 ትጠጋለች። ባሌ ሲናናን፣ ጎጃም አዴትን ጨምሩበት። በአንዱ ቦታ አንደኛ የወጣ ዝርያ በሌላው አሥረኛ ይሆናል። አንዳንድ ሰው የሁሉንም አማካይ ወስዶ ይገላገላል። እኔ አማካዩን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። በየቦታው ነባሩን ማነጻጸሪያ ዝርያ ስንት ጊዜ እንደበለጠና ስንት ጊዜ እንዳነሰ፣ ያነሰበትም ቦታ ምን ዓይነት እንደነበረ ማወቅ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ በሽታው ልመለስ። ዋግ ባልመጣበት ዓመት የተደረገ ሙከራ ስለ ዋግ አንዳች አይናገርም፤ ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም ጎበዝ ነው። ስለዚህ ዋጉን እንጠራዋለን። ሞሮኮ የሚባል ምንም መከላከያ የሌለው ስንዴ አለ፤ በዓለም ዙሪያ ዋግ የሚያጠና ሁሉ ያውቀዋል። እሱንና መሰሎቹን በሙከራው ዙሪያና በመደቦቹ መካከል እንዘራቸዋለን። አገዳ ሲያወጡ የዋጉን ብናኝ በውኃ በጥብጠን አገዳቸውን በመርፌ እንወጋለን፤ ወይም ከቀላል የማዕድን ዘይት ጋር ደባልቀን ወደ ማምሻው እንረጫለን፤ ብናኙ የሚበቅለው የሌሊት ጤዛ ሲያገኝ ነውና። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞሮኮ ይቆስላል፣ ከዚያ የቀረውን ሥራ ነፋሱ ይሠራል። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ገበሬ «እናንተ ሰዎች በሽታ ትዘራላችሁ እንዴ?» ቢል እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ከእነዚህ መደቦች የወጣ ሰው በዚያው ልብሱ ወደ ገበሬ ማሳ እንዳይገባ የሚከለከለው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ብርቱካናማ ሆኖ ነው የሚወጣው።

በሽታው በየመደቡ የሚነበብበት መንገድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁለት ነገር ነው የሚጻፈው፤ መጠኑና ዓይነቱ። መጠኑን የምንለካው ናታን ኮብ የተባለ ሰው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አውስትራሊያ ውስጥ ሲሠራ ባወጣው፣ በ1948 በተሻሻለ መለኪያ ነው። ከዜሮ እስከ 100 ይሄዳል። የሚገርመው 100 የሚባለው ከቅጠሉ ገጽ 37 በመቶው ሲቆስል ነው፤ ዋግ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ቦታ አያገኝም። ዓይነቱን ለማወቅ ደግሞ ቅጠሉን ጎንበስ ብሎ በቅርብ ማየት ግድ ነው። ትልልቅ ቁስል፣ ዙሪያው አረንጓዴ፣ በጣት ሲዳሰስ ብናኙ ጣት ላይ የሚቀር ከሆነ ተክሉ ተጋላጭ ነው። ቁስሏ ትንሽ፣ ዙሪያዋ የገረጣ ወይም የደረቀ ከሆነ ግን ተክሉ እየታገለ ነው፤ ፈንገሱ ያረፈበትን ሥጋ ራሱ ገድሎ በረሃብ እየያዘው ነው። ስሌቱም ይህን ያከብራል፤ መጠኑ ለተጋላጭ በ1፣ ለመካከለኛ ተጋላጭ በ0.8፣ ለመካከለኛ ተቋቋሚ በ0.4፣ ለተቋቋሚ በ0.2 ይባዛል። ሁለት መደቦች ሁለቱም 40 ቢነበቡ አንዱ 40፣ ሌላው 16 ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

አንድ ጊዜ አንብቦ መሄድም አይበቃም። በየአሥር ቀኑ አራት ጊዜ ተነበበ እንበል። አንዱ ዝርያ 10፣ 40፣ 60፣ 60 አለ። ሌላው ዜሮ፣ 5፣ 20፣ 60። መጨረሻቸው እኩል ነው፤ በመጨረሻው ቀን ብቻ የመጣ ጎብኚ አንድ ናቸው ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን የመጀመሪያው በወቅቱ ሁሉ የተሸከመው በሽታ ከሁለተኛው ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ሁለተኛው በሽታው ሲበረታበት ፍሬውን ሞልቶ ጨርሷል። የመጀመሪያው ፍሬ ወፍጮ ቤት ሲደርስ የቀጨጨ ነው፤ ግርድ እንጂ ዱቄት አይወጣውም።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ በሽታ መካከል አንድ መደብ አንዲት ነጥብ ሳይነካው ንጹሕ ሆኖ ቆሞ ታዩታላችሁ። ጎብኚ ሁሉ እሱ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው። እንዲህ ያለው ፍጹም ንጽሕና ብዙ ጊዜ የአንዲት ጠንካራ ጂን ሥራ ነው። በአንድ ምሰሶ የቆመ ጎጆ ምሰሶው እስካለ ድረስ አይነቀነቅም፤ ምስጡ ምሰሶውን የበላው ዕለት ግን ግድግዳው ሊያግዘው አይችልም። ፈንገሱ በቢሊዮን በሚቆጠር ብናኝ ውስጥ ያቺን አንዲት ጂን የሚያልፍ አንድ ልጅ ከወለደ በቂው ነው፤ ንጹሑ ዝርያ በመቶ ሺህ ሄክታር ላይ ከተዘራ ያ ልጅ ተቀናቃኝ የሌለበት ማሳ ይወርሳል። በኩብሳም በዲገሉም ላይ የሆነው በአጭሩ ይኸው ነው።

ከንጹሑ ጎን ሌላ መደብ አለ። 20 ወይም 30 ይነበባል፣ ቁስሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ በሽታው እየተጎተተ ነው የሚሄድበት። ፎቶ የሚያነሳው የለም። ይህ ብዙ ጊዜ ትንንሽ አቅም ያላቸው ሦስት አራት ጂኖች የተደመሩበት ነው። ኤስአር2 የምትባለውን ጂን ውሰዱ። ኤድጋር ማክፋደን የተባለ አሜሪካዊ ኤመር ከሚባለው፣ ባሌ ውስጥ ዛሬም ከሚዘራው ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ወደ ዳቦ ስንዴ ያሻገራት ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ብቻዋን ከባድ ወረርሽኝ አታቆምም። ግን እስከ ዛሬ አልተሰበረችም፤ ከሌሎች ጋር ስትደመር ደግሞ ትበረታለች። የቅጠልና የቢጫ ዋግን የምትመክተው ኤልአር34ም ታሪኳ ተመሳሳይ ነው።

አሁን አደጋውን ተመልከቱ። ኤስአር2 የምትሠራው ተክሉ ካደገ በኋላ ነው። ቡቃያውን በመስታወት ቤት ውስጥ በዋግ ከፈተናችሁት ተጋላጭ ነው ይላችኋል። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ በቡቃያ ፈተና ብቻ እያጣራ የሚጥል ፕሮግራም መቶ ዓመት የኖረችውን ጂን ጥሎ አምስት ዓመት የማትቆየውን ያሳልፋል። የመስታወት ቤቱ ፈተና አይደረግ አልልም፤ የትኛው የዋግ ዘር የትኛውን ጂን እንዳለፈ የምናውቀው በእሱ ነው። የመጣያ ወንፊት መሆኑ ነው የማይዋጥልኝ። የዓለም ስንዴ ናኩሩ አጠገብ ወዳለችው የኬንያ ንጆሮ ተልኮ በሜዳ ላይ፣ በሙሉ ዕድሜው የሚፈተነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ የማይስማሙኝ ባልደረቦች አሉ፣ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። ገበሬ ማሳው ላይ ዋግ ሲያይ ይደነግጣል ይላሉ፤ ሠላሳ በመቶ ቢሆንም አልሆነም ይደነግጣል፣ ቲልት የሚባለውን ፀረ-ፈንገስ ሊገዛ ይሮጣል፣ ዘሩንም በዓመቱ ይተወዋል። እውነት ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው እንኳ ያየውን ብርቱካናማ ብናኝ ሁሉ እንደ ወረርሽኝ ነው ወደ ወረዳ የሚያስተላልፈው። መቶ ከመቶ ንጹሕ ዝርያ ለመሸጥ ይቀላል። ለመሸጥ የቀለለ ሁሉ ግን ማሳ ላይ አይቆይም።

ከስንዴ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላንሳ፤ ፈተናው በደንብ ሲታሰብ የት እንደሚያደርስ ያሳያልና። ማሽላን የሚያጠፋው አቀንጭራ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የማሽላው ሥር የሚያፈልቀውን ቅመም ሲያሸት ይነቃል። ማሳ ላይ ዝርያን ለአቀንጭራ መፈተን ከባድ ነው፤ አረሙ በአንዱ ጥግ ይበዛል፣ በሌላው ይጠፋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው ጥያቄውን ወደ ሥሩ አወረዱት። ማሽላውን በጠፍጣፋ የብርጭቆ ሳህን ውስጥ በረጋ ፈሳሽ ላይ አብቅለው፣ የአቀንጭራው ዘር ከሥሩ ምን ያህል ርቀት ድረስ እንደሚነቃ ለኩ። ቅመሙን ጥቂት ብቻ የሚያፈልቀው ማሽላ ጠላቱን አይቀሰቅስም። ከዚያ ሥራ ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች እዚህ አገር ተለቀቁ፤ ፕሮፌሰሩም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ።

ወደ ስንዴያችን እንመለስና መጨረሻውን እንይ። ለመለቀቅ የተቃረበ ዝርያ በጣቢያም በገበሬ ማሳም 10 በ10 ሜትር ላይ ከማነጻጸሪያው ጎን ይዘራል፤ የዝርያ አጽዳቂ ኮሚቴ በአካል መጥቶ ያየዋል። ገበሬዎቹም ያዩታል፣ የሚያዩትም ሌላ ነው። ወንዶቹ አገዳውን ጎንበስ አድርገው ይለቁታል፣ ይጋሸብ እንደሆነ ለማወቅ፤ ገለባው ለከብት ይሆናል ወይ ይላሉ። ሴቶቹ ፍሬውን በጥርስ ሰብረው ውስጡን ይመለከታሉ። የእኛ መዝገብ ለእነዚህ ነገሮች ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ዝርያው በኋላ የሚዘራው ወይም የሚተወው ግን ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ እጅግ የምወደው ሙከራ አንድ ነው። ያንኑ ዝርያ በሁለት መደብ መዝራት፤ አንዱ ፀረ-ፈንገስ ይረጫል፣ ሌላው ለዋጉ ይተዋል። ሁለት ዝርያዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ሲረጭ 62 ኩንታል ሰጠ፣ ሳይረጭ 30። ሁለተኛው ሲረጭ 54፣ ሳይረጭ 49። የቱ ይለቀቅ? እኔ ድምፄን ለሁለተኛው ነው የምሰጠው። መድኃኒቱ የሚሠራው የመጀመሪያዎቹ ቁስሎች በታዩ ቀናት ውስጥ ከደረሰ ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው፣ መርጫ ከጎረቤት የሚዋስ ገበሬ መድኃኒቱን ገዝቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ዝናቡ አባርቶለት እስኪረጭ ድረስ ዋጉ ሁለት ትውልድ ወልዷል። እሱ የሚያጭደው ወደ 30ው የቀረበውን ነው። ባሌ ውስጥ የራሱ መርጫ ማሽን ያለው፣ በኮምባይነር የሚሰበስብ ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ ደግሞ አልቃወመውም፤ ሒሳቡ ያዋጣዋል። ስለዚህ ኮሚቴው ሁለቱንም ቢለቅ ደስ ይለኛል፤ ግን በየዘሩ ከረጢት ላይ ተረጭቶ ከሰጠው ምርት አጠገብ ሳይረጭ የሰጠው ምርት በእኩል ፊደል ይታተም።